ሌዘሩን ከመግዛታችሁ በፊት

ለጎጃም የዓይን ሕሙማን የሌዘር መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ላላችሁ፣ በአገር ቤትም በውጭም ለምትኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች፤
ግልባጭ፦ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የክልልና የዞን ጤና ኃላፊዎች፤

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

በዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት መሥራት ከጀመርሁ 19ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። «የዓይን ሞራ ግርዶሽን ያለ ምላጭ የሚያወጣ ሌዘር» ገዝታችሁ ለአካባቢያችን ለማበርከት መዋጮ መጀመራችሁን ስሰማ፣ ዓባይን ተሻግረው ከሄዱም በኋላ ያደጉበትን አገር የማይረሱ ሰዎች በመኖራቸው ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም መዋጮውን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ሆኖም ገንዘቡ ወደ ሻጩ ከመላኩ በፊት እንድትመረምሩት የምለምናችሁ ነገር አለ። ልትገዙት ያሰባችሁት መሣሪያ ሥራውን አሳምሮ የሚሠራው ቀላል በሆነ ዓይን ላይ ነው፤ ወደ እኛ ደጅ የሚመጣው ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀላል አይደለም።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ልናገር። በገበያም በክሊኒክ በር ላይም «ሌዘር» የሚለው ቃል ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲነገር እሰማለሁ። አንደኛው ፌኮ ነው፤ ይህ አሜሪካዊው ሐኪም ቻርለስ ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው፣ በአልትራሳውንድ ንዝረት ሞራውን ሰባብሮ የሚመጥ መሣሪያ ሲሆን በውስጡ ሌዘር የሚባል ነገር የለበትም። ሁለተኛው ያግ ሌዘር ነው፤ እሱ ደግሞ ሞራ አያወጣም፤ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከተተከለው ሌንስ ጀርባ ያለው ስስ ከረጢት ሲደበዝዝና ሕዝቡ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ሲል፣ ያንን የደበዘዘ ከረጢት በጥቂት ደቂቃ ይከፍተዋል። እናንተ ያሰባችሁት ሦስተኛው፣ ፌምቶሰከንድ ሌዘር የሚባለው ነው። በሰው ዓይን ሞራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩበት እ.ኤ.አ. በ2008 በቡዳፔስት ከተማ ፕሮፌሰር ዞልታን ናጊ ናቸው። ይህ ሌዘር ኮርኒያውን፣ ማለትም የዓይኑን የፊት መስታወት፣ በሚፈለገው ቦታ ይበሳል፤ ደብዝዞ ሞራ የሆነውን የተፈጥሮ ሌንስ የፊት ከረጢት ክብ አድርጎ ይቆርጣል፤ የሞራውን አስኳል ይከፋፍላል። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው በቀዶ ሕክምናው ማይክሮስኮፕ ሥር ይተኛል፣ ሐኪሙም የተቆራረጠውን ሞራ በፌኮ መጥጦ ሰው ሠራሹን ሌንስ በገዛ እጁ ያስገባል። እንግዲህ ሌዘሩን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ፌኮውም፣ በፌኮ የሠለጠነ ሐኪምም ሊኖረው ግድ ነው፤ ይህንን ሻጮቹ በጽሑፋቸው መጨረሻ በትንንሽ ፊደል ይጠቅሱታል።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግል ክሊኒክ «በሌዘር ቢሠራልህ ነው የሚሻልህ» ተብሎ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ። ሲመለስ ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት፤ የተሠራለት ፌኮ ነበር። በደንብ ተሠርቶለታል፣ ዓይኑም በርቷል። የተበደለው በቃሉ እንጂ በሕክምናው አልነበረም፤ ለዚያ ቃል ሲል በተከታዩ ክረምት ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ እየጠበቀ አረሰ፣ ጤፉንም ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ዘራ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የተወሳሰበ ዓይን የምንለው፣ ሞራው ብቻውን ሳይሆን ቀዶ ሕክምናውን የሚያከብድ ሌላ ችግር ተሸክሞ የመጣን ዓይን ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ትራኮማ የሚያስከትለው የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ትራኮማ እጅግ በጸናበት በእኛ ክልል እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ሲገናኙ ማየት ለእኛ የዘወትር ነው። በዚያ ላይ ሰዉ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። «ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ና» የሚለው ምክር፣ ሌንስ መትከል ባልነበረበት ዘመን ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን የበሰለ ሞራ ማለት ወይ እንደ ደረቀ ባቄላ ጠንክሮ የጠቆረ፣ ወይ ወተት መስሎ ነጥቶና አብጦ ከረጢቱን የወጠረ ሞራ ማለት ስለሆነ፣ መጠበቁ ቀዶ ሕክምናውን ከማክበድ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ሌላም አለ። በአገራችን የሞራ ሕሙማን ዘንድ በብዛት የሚታይ፣ በሌንሱ ፊትና በብሌኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ የሚያስቀምጥ ስዩዶኤክስፎሊዬሽን የሚባል ችግር አለ፤ ይህ ብሌኑ በጠብታ እንዳይሰፋ ያደርጋል፣ ሌንሱን ሰቅለው የያዙትን ቀጫጭን ክሮች ያላላል፣ የዓይን ግፊት ጨምሮ ነርቩን የሚጎዳበትን ግላኮማንም ያስከትላል። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ ጫፉ ዓይናቸው ላይ አርፎ ሞራ የወጣባቸው ልጆችም በየዓመቱ ይመጡልናል፤ የእነሱም ክሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ተበጥሰው ይገኛሉ።

አንድ ዓይን ብቻ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቅኔ መምህር፣ ተማሪያቸው የበትራቸውን ጫፍ ይዞ እየመራ አመጣቸው። ንባቡን ትተው ያለ መጽሐፍ በቃላቸው ብቻ ማስተማር ከጀመሩ ሦስት ዓመት እንዳለፋቸው ተማሪው ነገረን። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ከዓመታት በፊት ወደ ውስጥ ለዞረው ሽፋሽፍት ተቀዶ ስለተስተካከለ ጠባብና ጠባሳ የያዘ ነው፤ ኮርኒያው ከታች በኩል ደብዝዟል፤ ጠብታውን ሦስት ጊዜ ብንደግምላቸውም ብሌናቸው ከምስር ፍሬ ብዙም አልበለጠ። ከብሌኑ ኋላ ያለው ሞራ ወተት ነው። ሐኪሙ አጎንብሶ ካየ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቀለሙ አለ?» ቀለም የሚለው ትራይፓን ብሉ የሚባለውን፣ ነጭ ሞራ ላይ የማይታየውን ስስ ከረጢት ሰማያዊ አድርጎ የሚያሳየውን ፈሳሽ ነው። አንዲት ብልቃጥ ቀርታን ነበር።

አራት የብሌን መንጠቆዎች አስገብቶ ብሌኑን በአራት ማዕዘን ከፈተ። ቀለሙን ጨምሮ አጠበው። የታመቀው ሞራ ከረጢቱን ከመሐል እስከ ጠርዝ እንዳይሰነጥቀው፣ ዝልግልጉን ቪስኮኤላስቲክ አስቀድሞ ሞልቶ ከላይ ተጫነው፤ መርፌዋ ከረጢቱን ነካ ስታደርገው ወተቱ እንደ ጭስ ተነሣ፣ እሱንም መጠጠው። ከረጢቱ በዚህ ሰዓት ከተሰነጠቀ በሰማያዊው መካከል ነጭ መስመር ይወጣል፤ ሐኪሞች «የአርጀንቲና ባንዲራ» የሚሉት ይህንን ነው፣ ከታየ በኋላ የቀኑ ሥራ ሁሉ ይበላሻል። በዚያን ዕለት አልታየም። ክቡን ቀድዶ ጨረሰ፣ አስኳሉን በነጩ የዓይን ክፍል ላይ በሠራት መሿለኪያ በኩል ሳይሰብር አወጣው፣ ሌንሱን ተከለ፣ ስፌት አላስፈለገም። በማግስቱ ጠዋት ሽፋኑን ስፈታላቸው የኔታ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ወደ መሬት ካዩ በኋላ «ልጄ፣ የጫማህ ማሰሪያ ተፈቷል» አሉኝ። ግራ ዓይናቸውን ለመሥራት ግን አራት ወር አስጠበቅናቸው፤ ቀለሙና መንጠቆው አልቆ ነበር።

አሁን ያው ዓይን ከሌዘሩ ሥር ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ብለን እንጠይቅ። ሌዘሩ ከመሥራቱ በፊት አንድ ቀለበት በዓይኑ ገጽ ላይ ተጣብቆ ዓይኑን አንቆ መያዝ አለበት፤ በጠባሳ የጠበበ ቆብ ቀለበቱን አያስገባም፣ ቢገባም ገጹ ሸካራ ከሆነ መምጠጡ ይለቃል። ብርሃኑ የሚያልፈው በጠራ ኮርኒያ ብቻ ነው፤ ጠባሳ ባለበት ቦታ ቆርጦ አይጨርስም። ብሌኑን ከከበበው ባለ ቀለም ክፍል፣ ከአይሪሱ፣ ኋላ ያለውን ማየትም መቁረጥም ስለማይችል ያልሰፋ ብሌን ይዘጋበታል፤ ይባስ ብሎ የሌዘሩ ምት ራሱ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በዓይን ውስጥ ስለሚያበዛ ሰፍቶ የነበረውም ብሌን ከሌዘሩ በኋላ ሊጠብብ ይችላል። መንጠቆውን አስቀድሞ አስገብቶ ከዚያ ሌዘሩን መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እንደዚያ ካደረግን ግን ዓይኑን በምላጭ ከፍተን፣ ቀለበት አጣብቀን፣ ሌዘር አድርገን፣ ተመልሰን በእጅ ልንሠራ ነው። ነጩ ሞራ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ቀዳዳ እንደተከፈተ የሚወጣው ወተት ለቀሪው ብርሃን መጋረጃ ይሆንበታልና ክቡ ሳይጠናቀቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቀለበቱ በሚይዝበት ሰዓት የዓይን ግፊት ከፍ ስለሚል፣ በግላኮማ ነርቩ ለተጎዳ ሰው ይህም ራሱን የቻለ ሐሳብ ነው።

ሚዛኔ እንዳይዘነብል የሌዘሩንም ወገን ልናገር። የላሉ ክሮች ባሉበት፣ ኮርኒያውና ብሌኑ ግን ደህና በሆኑበት ዓይን ውስጥ፣ ሌዘሩ ከረጢቱን ሳይጎትት መቁረጡ እውነተኛ ጥቅም ነው። በጠንካራ አስኳል ላይ አስቀድሞ ስለሚከፋፍለው ለፌኮው የሚያስፈልገው የአልትራሳውንድ ኃይል ይቀንሳል፤ የኮርኒያቸው የውስጥ ሴሎች ቁጥር ላነሰባቸው ሕሙማን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነጭ ሞራ ላይም በሠለጠነ እጅ ክቡን አስተካክሎ የሚጨርስበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን የለንም አልልም፤ አለን። ጥያቄዬ ለእነዚያ ጥቂት ዓይኖች ሲባል የስንቱ ዓይን ገንዘብ ይውላል የሚለው ነው።

በቀላሉ ዓይን ላይስ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በፈረንሳይ 5 የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት 909 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሌዘሩን ከተለመደው ፌኮ ጋር አነጻጽሯል። ከእይታ፣ ከመነጽር ቁጥርና ከጉዳት አንጻር ተመዝኖ ውጤቱ የተሳካላቸው በሌዘሩ 41.1 ከመቶ፣ በፌኮው 43.6 ከመቶ ሆነው ተገኙ፤ አጥኚዎቹም ሌዘሩ ብልጫ እንዳላሳየና ወጪው እንደሚበዛ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዙ ጥናት 785 ሕሙማንን ይዞ ሁለቱ በእይታ እኩል መሆናቸውን አገኘ። በዚህ በሁለተኛው ጥናት ኮርኒያቸው በጠባሳ የደበዘዘና ብሌናቸው በጠብታ የማይሰፋ ሕሙማን ከመጀመሪያው አልተካተቱም። እንግዲህ የእኛ የኔታ በጥናቱ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም ማለት ነው፤ ለእሳቸው ዓይነቱ ሰው ሌዘሩ ይበጃል የሚል ሻጭ ቢመጣ ይህንን ከየት እንዳገኘው ጠይቁልኝ።

በሌላ በኩል እኛ በየዕለቱ የምንሠራበት፣ በትንሽ መሿለኪያ አስኳሉን ሙሉውን በእጅ የማውጣት ዘዴ የድሀ ሰው ማካካሻ ተደርጎ እንዳይታይ እፈራለሁ። ኔፓል ውስጥ ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቻቸው 108 ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው፣ ግማሹን በፌኮ ግማሹን በዚህ ዘዴ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 ከመቶው በመነጽር ታግዘው 6/18 (ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት) ወይም የተሻለ ማየት ችለዋል። ለአንድ ዓይን የወሰደው ጊዜ በፌኮ በአማካይ 15 ደቂቃ ተኩል ሲሆን በእጁ ዘዴ 9 ደቂቃ ነበር። በማግስቱ ኮርኒያው ይበልጥ ጠርቶ የተገኘውም በእጁ በተሠራው ወገን ነው፤ እነዚያም የኔፓል ዓይኖች እንደ እኛዎቹ ዘግይተው የመጡ፣ የጠነከሩ ነበሩ።

ስለ ወጪው ብዙ አላትትም። የሌዘሩ ዋጋ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። ለእያንዳንዱ ዓይን አንዴ አገልግሎ የሚጣል መገጣጠሚያ በውጭ ምንዛሪ ይገዛለታል፣ የማይቆራረጥ መብራትና ሙቀቱ የተመጠነ ክፍል ይፈልጋል፣ በየዓመቱ የጥገና ውል ይከፈልበታል። እኛ ዘንድ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በባትሪ ብርሃን ዓይን የዘጋንበት ቀን አለ። ሲበላሽ መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ መምጣት አለበት፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አይመጣም። በመጋዘናችን ጥግ ላስቲኩ ሳይፈታ ዓመታትን ያስቆጠረ አንድ በስጦታ የመጣ መሣሪያ አለ፤ በየሳምንቱ አቧራውን የምትጠርገው የጽዳት ሠራተኛችን «ይህ ሰውዬ መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?» ትለናለች።

በዚያው ገንዘብ ምን ሊደረግ እንደሚችል የምመክረው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የትራይፓን ብሉ፣ የብሌን መንጠቆ፣ የከረጢት መወጠሪያ ቀለበትና የቪስኮኤላስቲክ አቅርቦት ለዓመታት እንዳይቋረጥ አድርጉልን፤ ብልቃጧ በጥቂት ዶላር የምትገዛ ቀለም አጥተን ሰው ወደ ቤቱ የመለስንበት ቀን ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል። ረዳት የሚያይበት ሁለተኛ መነጽር ያለው ጥሩ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ካለ ወጣቱ ሐኪም ከታላቁ አጠገብ ተቀምጦ ይማርበታል። የሌንሱን ቁጥር የሚለኩ ኤ ስካንና ኬራቶሜትር፣ ከረጢት ሲቀደድ ወደ ፊት የሚፈሰውን ቪትረስ፣ ማለትም የዓይኑን የኋላ ክፍል የሚሞላውን ዝልግልግ ነገር፣ የሚያጸዳ መሣሪያ፣ እንዲሁም ከላይ ያነሣሁት ያግ ሌዘር ያስፈልጉናል። «ሌዘር ገዛን» ማለት የግድ ከሆነ ያግን ግዙልን፤ እሱ በእውነት ሌዘር ነው፣ ሞራው ተመልሶ መጣብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰውም በዚያው ቀን አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀጥሎ ጥሩ ፌኮና ሁለት ሐኪሞችን በፌኮ የሚያሠለጥን ወጪ ይምጣ። የተረፈው ለመኪና ነዳጅና ለአበል ውሎ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ጀምሮ ሞራው ሳይበስል ሰዉን የሚለይ ቡድን ቢያስወጣ፣ ዓይኖቻችን ተወሳስበው ከመምጣታቸው በፊት ቀላል ሳሉ እናገኛቸዋለን። የተወሳሰበ ዓይን አብዛኛው እንዲሁ የተፈጠረ ሳይሆን በመጠበቅ የተሠራ ነውና።

አንድ ወዳጄ ይህንን ሐሳቤን ሰምቶ «ለሌላው ዓለም አዲሱ፣ ለጎጃም ገበሬ አሮጌው ይበቃዋል ማለትህ ነው?» ብሎኛል። ጥያቄው ቆርቁሮኛል፣ መልስም ይገባዋል። ሐኪም የሚያሠለጥን፣ በዓመት ብዙ ሺህ ዓይን የሚሠራና ፌኮው የተደላደለለት ማዕከል ሌዘሩን ገዝቶ እኔ ከላይ ለጠቀስኋቸው ጥቂት ዓይኖች ቢያውለው አልቃወምም፤ ከእኛም ሕሙማን የሚበጀውን ሰው ወደዚያ እንልካለን። አሮጌ የምለው ግን የሰውን ዓይን ሳያዩ በመሣሪያው ስም መርጦ መግዛትን ነው፤ መጋዘናችን ውስጥ ያለውም የመጣው በዚያ መንገድ ነው።

ስለዚህ ቁርጥ ያለ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከውሉ በፊት የምታምኑትን አንድ የዓይን ሐኪም ወደ ተመላላሽ ክፍላችን ላኩ። ለሞራ ቀዶ ሕክምና የሚመጡ 100 ሕሙማንን ሳይመርጥ በተራቸው ይመዝግብ፦ የስንቱ ኮርኒያ ጠርቷል፣ የስንቱ ብሌን በጠብታ በበቂ ሁኔታ ሰፍቷል፣ የስንቱ ቆብ ቀለበቱን ያስገባል፣ ስንቱ ሞራ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኗል። ሌዘሩ ሊሠራው የሚችለው ዓይን ከእነዚህ ውስጥ ስንት እንደሆነ፣ ከእነዚያም በፌኮ ወይም በእጅ ሊሠራ የማይችለው ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍላችሁ። ቁጥሩ እኔን ካሳፈረኝ ሌዘሩን ግዙ፤ ላስቲኩን የምፈታው እኔ ነኝ። የምትልኩት ሐኪም በጠዋት ይድረስ፤ ከሩቅ ወረዳ የሚመጡት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከመጣ አያገኛቸውም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጎጃም የዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ